ዝም ያለ ድምፅ ምን ይቀረዋል?

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ከዐረብ አገር ተመለሰች። ከመሄዷ በፊት በመዘምራኑ ውስጥ ከእኔ ፊት በሶፕራኖዎቹ ረድፍ ትቆም ነበር፤ እኔ ከኋላ ቴነር ነኝ። ስድስት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ስትመጣ የቡድናችን መሪ “መቼ ነው ልምምድ የምትጀምሪልን?” አላት። “ተዉኝ እባካችሁ፣ ድምፄ ሞቷል” አለች። በእነዚያ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ድምፅዋን አውጥታ አልዘመረችም። ማታ የምትተኛው ከአሠሪዎቿ ልጆች ጋር ነበር፤ ቀን ቤቱ ሰው አይጠፋውም፤ ወደ ኅብረት የምትሄድበት የዕረፍት ቀንም አልነበራትም።

በዚያው ቅዳሜ ሁለት ዓይነት መልስ ሰማሁ። አንድ ወንድም “ጌታ የሰጠው ጸጋ አይወሰድም፤ አንቺ ማይኩን ያዢ እንጂ ይመጣል” አላት። ሌላዋ ደግሞ እሷ ከወጣች በኋላ “ስድስት ዓመት እኮ ቀላል አይደለም፤ ያለቀ ነገር ነው” አለች። እናንተም ከሁለቱ አንዱን ሳትሰሙ፣ ምናልባትም ራሳችሁ ሳትናገሩት አልቀራችሁም። ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ፣ ሥራ ይዛችሁ ክፍለ ሀገር ወርዳችሁ፣ ወልዳችሁ ወይም ታማችሁ ከመዘምራን የራቃችሁ ታውቁታላችሁ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ ልምምድ የተቋረጠባችሁም እንዲሁ።

ሁለቱም መልሶች አላረኩኝም። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚደገፈው በመክሊቱ ምሳሌ ነው። ግን ማቴዎስ 25ን እንደገና አንብቡት። ያ ሰነፍ ባሪያ ከመሬት ቆፍሮ ያወጣው መክሊት ሲቀበር እንደነበረው ነው የወጣው፤ ሰውየው ተወቀሰ እንጂ ከመክሊቱ ላይ የጎደለ ነገር የለም። ብር መሬት ውስጥ ቢቆይ ሚዛኑ አይቀንስም። ድምፅ ግን ብር አይደለም፤ ሥጋ ነው። የተቀበረ ድምፅ ሲወጣ እንደተቀበረበት ቀን ሆኖ አይወጣም። ይህን ደብቀን “ማይኩን ያዢ” ማለት እህታችንን በእሑድ ጉባኤ ፊት ለኀፍረት መስጠት ነው።

ሁለተኛው መልስ ደግሞ ድምፅን እንደ አንድ ዕቃ ይቆጥረዋል፤ ወይ አለ፣ ወይ አልቋል። መዘመር ግን አንድ ችሎታ አይደለም። ብዙ ችሎታዎች በአንድ አፍ ስለሚወጡ አንድ ይመስሉናል እንጂ። ልምምድ ሲቋረጥ ሁሉም እኩል አይጠፉም። አንዳንዱ በጥቂት ሳምንታት ይላላል፤ አንዳንዱን አሥርት ዓመታት አይነኩትም፤ አንዳንዱ ጭራሽ በዝምታው ውስጥ ይበስላል። ይህን ያልኩት ከሁለት የድምፅ ቅጂዎች ተነሥቼ ነው። አንድ ዘፋኝ አንድን ዘፈን ሁለት ጊዜ የቀረጸችባቸው ናቸው፤ በመካከላቸው 46 ዓመት አለ። ዛሬ አብረን እንድንሰማቸው እፈልጋለሁ።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ የማወራው ስለ መዝሙር አይደለም። የእንግሊዝ ገጠር የሕዝብ ዘፈን ነው፤ ፍቅር፣ ግድያ፣ ባሕር፣ ሞት ያለበት። ይህ መጽሔት ለምን እንዲህ ያለ ነገር ያወጣል የምትሉኝ ካላችሁ ትችሉኝ። ለያዝነው ጥያቄ ግን ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ሸርሊ ኮሊንስ እ.ኤ.አ. በ1935 በደቡብ እንግሊዝ በሰሴክስ ተወለደች (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የውጭ ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1959 ከአሜሪካዊው የሕዝብ ዜማ ሰብሳቢ ከአለን ሎማክስ ጋር የአሜሪካን ደቡብ ዞረች። በዚያ ጉዞ የቤተ ክርስቲያን ዝማሬ፣ የእስረኞች የሥራ ዜማ፣ የገበሬዎች ዘፈን ተቀረጸ፤ ፍሬድ ማክዳውል የተባለው ገበሬ ጊታር ተጫዋችም ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁ የተቀዳው ያኔ ነው። ወደ አገሯ ተመልሳ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ከእኅቷ ከዶሊ ጋር በርካታ አልበሞች አወጣች፤ ቅንብሩን የምትሠራው ዶሊ ናት። የሸርሊ አዘፋፈን ቀጥተኛ ነው። ድምፅዋን አታንቀጠቅጥም፣ በየቃሉ ጫፍ ላይ ጌጥ አታበዛም፣ ዘፋኟን ሳይሆን ታሪኩን እንድትሰሙ ትፈልጋለች።

ከዚያ ተዘጋ። በ1970ዎቹ መጨረሻ በለንደን ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ እየሠራች ሳለ ባለቤቷ ጥሏት ሄደ። አንዳንድ ምሽት ድምፅ ይወጣል፤ አንዳንድ ምሽት አፏን ትከፍታለች፣ ጉሮሮዋ ግን ይቆለፋል። ሐኪሞች ዲስፎንያ ይሉታል። የ1978ቱ አልበሟ የመጨረሻ መሰለ። መድረኩን ትታ ሌላ ሥራ እየሠራች ልጆቿን አሳደገች። በ2014 በሰሜን ለንደን ዩኒየን ቻፕል በሚባል ቦታ፣ በአንድ ወዳጇ ተደጋጋሚ ውትወታ፣ ሁለት ዘፈን ብቻ ለመዝፈን ተነሣች። (ዩኒየን ቻፕል እስከ ዛሬ አምልኮ የሚካሄድበት ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ሳውቅ ደስ አለኝ።) በኅዳር 2016 “ሎድስታር” የተባለው አልበም ወጣ፤ ስሙ የመንገደኛ መሪ ኮከብ ማለት ነው። ካለፈው አልበም 38 ዓመት ሆኖት ነበር፤ እሷ 81 ዓመቷ ነው።

እዚህ ላይ ከእናንተ ጋር ሐቀኛ መሆን አለብኝ። ይህች ሴት ልምምድ ስላቆመች ብቻ አይደለም ድምፅዋ የጠፋው። መጀመሪያ ሐዘኑ ዘጋው፤ ከዚያ ዝምታው ተከመረበት፤ ከዚያም ዕድሜው። በ2016 ቅጂ ላይ የምንሰማው ለውጥ ከሦስቱ የየትኛው እንደሆነ ማንም በጆሮው ብቻ ለይቶ ሊነግራችሁ አይችልም። በየቀኑ ስትለማመድ የኖረች የ81 ዓመት ሴትም ብትሆን ድምፅዋ ይወርዳል፤ የድምፅ አውታሮች እንደ ቆዳ ልስላሴያቸውን ይቀንሳሉ፣ ሳንባም እንደ ወጣትነቱ አይሞላም። ስለዚህ “ይኸው ዝምታ ይህን አደረገ” ብዬ አልሟገትም። ልሟገት የምፈልገው ምን እንደቀረ ነው።

ስለ ሥጋው ጥቂት ልበል። ኪቦርዲስታችሁ ለመቃኛ የሚነካት “ላ” በሰከንድ 440 ጊዜ የምትርገበገብ ድምፅ ናት። ሶፕራኖዋ ያችን ስትዘምር በጉሮሮዋ ውስጥ ያሉት ሁለት ትንንሽ አውታሮች በሰከንድ 440 ጊዜ ይገጥማሉ፣ ይላቀቃሉ። ይህን የሚቆጣጠሩት ጥቃቅን ጡንቻዎች ናቸው፤ ከታች ደግሞ ትንፋሹን በልክ የሚለቁት የጎን፣ የሆድና የጀርባ ጡንቻዎች አሉ። ጡንቻ ካልሠራ ይደክማል፤ እግሩ በጄሶ ታስሮ የቆየ ሰው ያውቀዋል። መዘመር ስታቆሙ ቀድሞ የሚሄደው ላይኛው ጫፍ ነው፤ በተለይ ከፍ ብሎ በቀስታ የሚዘመረው። ቀጥሎ ረጅሙ ትንፋሽ። ከዚያ ከታችኛው ድምፅ ወደ ላይኛው ሳይሰበር መሸጋገሩ። እኔ ራሴ በሥራ ምክንያት ሁለት ዓመት ርቄ ስመለስ የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ ዜማው በጭንቅላቴ ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ይሰማኛል፤ ከአፌ የሚወጣው ግን የሌላ ሰው ነበር።

የማይሄደውስ? ዜማውን ማወቅ አይሄድም። ቃኝቶ መስማት፣ ከጎን ከቆመው ሰው ጋር መግጠም፣ ግጥሙ የት ላይ እንደሚተነፍስ ማወቅ ይቆያል። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የተባለ ጀርመናዊ በ1885 ባሳተመው ጥናት፣ የረሳነውን ነገር ዳግም ስንማረው መጀመሪያ ከፈጀው ያነሰ ጊዜ እንደሚበቃን በራሱ ላይ ሞክሮ አሳይቷል። እሱ የሞከረው ትርጉም የሌላቸውን ቃላት በመሸምደድ ነው እንጂ በዝማሬ አይደለም፤ ነገር ግን ከመዘምራን ርቆ የተመለሰ ሁሉ ይህን ሳያነብ ያውቀዋል። ሁለተኛው ወር እንደ መጀመሪያው ወር አይደለም።

አሁን ወደ ሁለቱ ቅጂዎች። የዘፈኑ ስም “ሞትና እመቤቲቱ” ነው። አንዲት ሴት በግንቦት ማለዳ ስትወጣ አንድ ሽማግሌ ታገኛለች። ማን እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ ሞት ነው። ወርቅ ልስጥህ፣ የከበረ ልብስ ልስጥህ፣ ጥቂት ጊዜ ተወኝ ትላለች፤ አይሆንም ይላታል። ታሪኩ በአጭሩ ይኸው ነው። አባቶቻችን በለቅሶ ቤት ከሚናገሩት አይርቅም።

የ1970ውን ስትሰሙ መጀመሪያ የሚደንቃችሁ ንጽሕናው ነው። ድምፁ እንደ ምንጭ ውኃ ነው፤ ግርጌው ይታያል። እያንዳንዱ ስንኝ መጨረሻ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ አይወርድም፣ አይንቀጠቀጥም። ዘፋኟ 35 ዓመት አካባቢ ናት። ሞትን የምታወራው ከሩቅ አገር እንደመጣ ወሬ ነው፤ አደጋው በሌላ ሰው ላይ የደረሰ ነው። ይህን ነቀፌታ አድርጋችሁ አትውሰዱት፤ ታሪክ ነጋሪ እንዲህ ርቆ ሲቆም አድማጩ ራሱ ይቀርባል። ቅጂው ዛሬም ቢሆን አያረጅም።

የ2016ቱ ሲጀምር ሌላ ሰው መሰለኝ። ድምፁ በጣም ወርዷል፣ ደርቋል፣ ጠቁሯል። ከኋላው ብረት በክሩ ላይ እየተንሸራተተ የሚያለቅስ ጊታር አለ፤ ያን ጊዜ በ1959 በአሜሪካ የሰማችውን የማክዳውልን ጊታር ያስታውሳል። የስንኞቹ ጫፍ ቶሎ ይወድቃል። በመካከል ትንፋሽ የምትወስድበት ቦታ በ1970 አልነበረም። አንዳንዱ ቃል ግማሹ ዜማ ነው፣ ግማሹ ንግግር። ለፈተና ኮሚቴ ብናቀርባት “ሳፖርት የላትም፣ ስፋት የላትም” ተብሎ ይጻፍላታል፤ ኮሚቴውም የጻፈው ውሸት አይሆንም።

ግን እንደገና ስሙት። ሽማግሌው ማን እንደሆነ ሲናገር ድምፅዋ አይከብድም፣ አያስፈራራም፤ የቤት ኪራይ ሊሰበስብ እንደመጣ ሰው በቀላሉ ይናገራል። የሚያስደነግጠውም ይኸው ቅለቱ ነው። በ1970 የእመቤቲቱን ልመና አምናታለሁ፤ በ2016 የሞትን መልስ አምነዋለሁ። የመጀመሪያው ቅጂ ይህን ሊያደርግ አይችልም ነበር፤ ችሎታ ጎድሎበት ሳይሆን ዘፋኟ ገና ከእመቤቲቱ ወገን ስለነበረች። ዘፈኑ በዚህች ሴት ውስጥ በዝምታ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። አልዘፈነችውም፤ ግን አልተለየችውም።

ይህ በተአምር አልመጣም። ሸርሊ ምን እንዳደረገች ልብ በሉ። የድሮውን ከፍታ አልፈለገችም፤ ድምፅዋ አሁን ያለበት ቦታ ላይ ወርዳ ዘፈነች። ስቱዲዮ አልገባችም፤ አልበሙ የተቀረጸው ሉዊስ በምትባል ትንሽ ከተማ በቤቷ ውስጥ ነው፣ በአንዱ ዘፈን ላይ ከውጭ ወፎች ይሰማሉ። ለመክፈቻ የመረጠችው ደግሞ ሰዎች ነቅተው ንስሐ እንዲገቡ የሚጠራ፣ ከ1580ው የእንግሊዝ የመሬት መንቀጥቀጥ ጋር የሚያያዝ የጥንት ዜማ ነው። ያን የመሰለ ጥሪ በሚያምር ድምፅ ሲቀርብ ማማሩን ሰምተን እናልፋለን። በዚህ በተሰነጠቀ ድምፅ ሲመጣ ግን ጥሪውን ሳትሰሙ ማለፍ አትችሉም።

አልበሙ ሁሉ እንዲህ ነው አልልም። አስቂኙ ዘፈን ቶሎ ቶሎ መሄድ አለበት፤ ምላሷ ቢደርስም ትንፋሿ ከኋላ ይቀራል፣ ቀልዱም ይደክማል። በፈረንሳይኛ የተዘፈነው ላይም በእንግሊዝኛው እንደምታደርገው ቃሉን በእጇ ይዛ አታዞረውም። እዚህ ላይ ያጣችው ነገር በግልጽ ይታያል፤ ዜማው ራሱ ድምፅን ብቻ ሲጠይቅ የምትሰጠው የላትም።

ተቃራኒውን ልንገራችሁ። ማሪያ ካላስ በኦፔራ ዓለም የ20ኛው ክፍለ ዘመን ታላቅ ስም ናት። በሐምሌ 1965 በለንደን “ቶስካ”ን ከዘፈነች በኋላ ወደ ኦፔራ መድረክ አልተመለሰችም። በ1973 ከጁዜፔ ዲ ስቴፋኖ ጋር በፒያኖ ታጅባ በየአገሩ መዞር ጀመረች፤ እስከ 1974 መጨረሻ ቆየ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበ፤ ጆሮ ያላቸው አዘኑ። ድምፅዋ ከ1965 በፊትም ችግር ጀምሮት ስለነበር ሁሉን በዝምታው ላይ አንጫን። የሚያሳዝነው ይዛ የቀረበችው ያንኑ የድሮውን ሥራ መሆኑ ነው፤ የሠላሳ ዓመት ሴት ጉልበት የሚጠይቁ፣ ዝቅ አድርገህ ብትዘምራቸው ራሳቸውን የማይሆኑ ዜማዎች። ከጉዞው ጥቂት ቀደም ብላ፣ በ1971 እና 1972፣ በኒው ዮርክ ጁልያርድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ወጣቶችን አስተምራ ነበር፤ ትምህርቱ ተቀርጿል። ያን ስትሰሙ ከዕውቀቷ አንዲት ነጠብጣብ እንዳልፈሰሰ ትረዳላችሁ። አንድ ቃል ለምን እንደሚረዝም፣ ዝምታ የት እንደሚገባ ታውቃለች። ማወቁ ሙሉ ነው፤ መሣሪያው ነው የከዳት።

ቫሽቲ ባንያንም አለች፤ በ1970 አንድ አልበም አውጥታ ጠፋች፣ ሁለተኛውን በ2005 አወጣች። የእሷ ድምፅ 35 ዓመት ያለፈበት አይመስልም። ምክንያቱ ግልጽ ይመስለኛል፤ መጀመሪያም የምትዘፍነው ከጆሮ አጠገብ እንደሚወራ ነገር በትንሽ ድምፅ ነበር። ከፍ ያላለ ሰው የሚወድቅበት ርቀት አጭር ነው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው። እኛ ድምፅን የምንመዝነው በምንድን ነው? በጉባኤያችን አዝማቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ኪቦርዲስቱ ግማሽ ቶን ይጨምራል፤ ጉባኤው እልል ይላል፤ አሁንም ይጨምራል። ሶሎ የሚሰጠው የመጨረሻዋን ከፍታ ለሚደርስባት ነው። አዲስ ሰው ስንፈትን የምናዘምረው ከሁሉ የሚከብደውን ነው። ልምምድ ሲቋረጥ መጀመሪያ የሚሄደው ይኸው ከፍታ መሆኑን አይታችኋል። እንግዲህ ሚዛናችን ይህ ከሆነ የተመለሰ ሁሉ “ሞቷል” መባሉ አይቀርም፤ የቀረለትን የምናይበት መስፈርት የለንማ። ቃሉን አምኖ መናገር፣ ከጎን ካለው ጋር ተዋሕዶ መቆም፣ ስንኙን ሳይጨርሱ አለመተንፈስ በውጤት መስጫ ወረቀታችን ላይ ስንት ነጥብ አለው? በእኛ ቡድን ወረቀት ላይ የለም። እኔም ከፈታኞቹ አንዱ ነበርኩ።

አያቶቻችን ሌላ ነገር ያውቁ ነበር። በደርግ ዘመን ብዙ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ ምእመናን በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ ጎረቤት እንዳይሰማ በዝግታ ይዘምሩ እንደነበር ታላላቆቻችን ይነግሩናል። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ከዚያ በሩ ሲከፈት ዝማሬው ወጣ፤ አልተረሳም ነበር። በዝግታ መዘመር መዘመር ነውና። ልብ በሉ፣ ሹክሹክታ ማለቴ አይደለም፤ በሹክሹክታ አውታሮቹ አይርገበገቡም። ጥርስ ገጥሞ ማንጎራጎር ግን ያሠራቸዋል። በየቀኑ ሩብ ሰዓት ዕቃ እያጠባችሁ ብታንጎራጉሩ ከፍታውን ባይጠብቅላችሁም ቅኝቱንና መካከለኛውን ድምፅ ይጠብቅላችኋል። ሙሉቀን መለሰ ድምፁን ጣለው ብለው የሚቆጩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝም ይህን እላቸዋለሁ፤ ሰውየው ዘፈንን ትቶ ወደ መዝሙር ሄደ እንጂ አፉን አልዘጋም። መድረክ መተውና መዘመር መተው አንድ አይደሉም።

ለምትመለሱ፣ ከመካከለኛው ድምፃችሁ ጀምሩ። የድሮውን ሶሎ ለሁለት ወር አትንኩት። ሲያም አቁሙ፤ ጉልበት ጨምሮ መጮኽ የላላውን ጡንቻ አያጠነክርም፣ አውታሩን ያቆስላል። ድምፃችሁ ሻክሮ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ዝንጅብል ማላመጡን ትታችሁ የአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ደግሞ ድምፅ እምቢ ያለው በሐዘን ወይም በድንጋጤ ምክንያት ከሆነ፣ ልምምድ ብቻውን አይከፍተውም፤ ሸርሊን አይታችኋል።

ለእህታችን ሁለቱን ቅጂዎች በስልኬ አሰማኋት። የመጀመሪያውን ስትሰማ “ታምራለች” አለች። ሁለተኛው ሲጀምር “ይቺኛዋ ደግሞ ታማ ነው እንዴ?” ብላ ሳቀች። ከዚያ ዝም ብላ እስከ መጨረሻው ሰማች፤ ቋንቋውን ብዙ አታውቀውም። “ይቺኛዋ የምትለውን ታውቀዋለች” አለችና ስልኬን መለሰችልኝ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ለልምምድ መጣች። ሶፕራኖ ሳይሆን አልቶ አድርጉኝ አለች፤ መሪያችን ሶፕራኖ ስለሚያንሰው ቅር አለው፣ ግን ፈቀደ። አሁን ለትንሣኤ በዓል የድሮ ሶሎዋን እያዘጋጀን ነው። ባለፈው ቅዳሜ ኪቦርዲስቱ በድሮው ኪይ ሲጀምርላት እጇን አንሥታ አስቆመችውና “ሁለት ቶን አውርድልኝ” አለችው። ያን ያህል ከወረደ ቤዞቹ መሬት ይገባሉ ብሎ ተከራከረ። ቤዞቹም አጉረመረሙ። አንድ ጊዜ ሞከርነው፤ በእርግጥ መሬት ገቡ። አንድ ቶን ተኩል ላይ ለመስማማት እየሞከርን ነው፤ እሷ ግን አልተቀበለችም።